ግልጽ ደብዳቤ ለተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት፦ የመንገድ ዳሩ ጉድ ከመፍረሱ በፊት ሰው ወርዶ ይየው

ክቡራን የድርጅቱ ኃላፊዎች፣

ልጅ ሆኜ ረጅም መንገድ ስንሄድ የምሻማው የመስኮቱን ወንበር ነበር። አንድ ቀን ከመንገዱ ዳር ከቆርቆሮና ከጠርሙስ የተሠራ ነገር አየሁ። ቤት አይደለም፤ ሐውልትም አይደለም። ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ያብረቀርቃል። የሚነግረኝ ሰው ፈልጌ ዞር ስል አልፈነዋል። ከዓመታት በኋላ በዚያው መንገድ ስሄድ ቦታው ተደልድሎ አገኘሁት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የምጽፍላችሁ ስለ እንዲህ ያሉ ነገሮች ነው። ዝነኞቹን ቦታዎች ለማየት ስንጣደፍ በጎናቸው ስለምናልፋቸው። አንድ ሰው ማንም ሳያዘው በገዛ እጁ የሠራቸው፣ መንገደኛውን መኪና አስቁመው «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» የሚያሰኙት። ዋናው ጥያቄዬ አጭር ነው። አባል አገሮቻችሁ እንዲህ ያለውን ሥራ ከማፍረሳቸው በፊት ቆም ብለው የሚያዩበት ሥርዓት ይኑራቸው።

በሎስ አንጀለስ ዋትስ ከሚባለው ሠፈር ልጀምር። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ሳይመን ሮዲያ ከጣሊያን የሄደ የግንባታ ሠራተኛ ነበር። በ1921 በግቢው ውስጥ ማማ ማቆም ጀመረ። የጨረሰው በ1954 ነው። 33 ዓመት ሙሉ፣ በትርፍ ሰዓቱ፣ ለብቻው። ብየዳ የለ፣ ብሎን የለ። ብረቱን በሽቦ ይጠፍራል፣ በሲሚንቶ ይለብጣል፣ ሲሚንቶው ሳይደርቅ የጠርሙስ ስባሪ፣ የሸክላ ስባሪና የባሕር ዛጎል ይተክልበታል። ረጅሙ ማማ 30 ሜትር ገደማ ነው። ሲጨርስ ቦታውን ለጎረቤቱ ሰጥቶ ሄደ።

ማዘጋጃ ቤቱ ማማዎቹ አደገኛ ናቸው፣ ይፍረሱ ብሎ ወሰነ። በዚህ አልፈርድበትም። አንድ ሰው ያለ መሐንዲስ ያቆመው ነገር ሰው ላይ ቢወድቅስ? ደግ የሆነው ነገር ቀጥሎ የመጣው ነው። ባድ ጎልድስቶን የሚባል መሐንዲስ ማማው እንዲፈተን ሐሳብ አቀረበ። በኦክቶበር 1959 ሰው ሁሉ እያየ ማማው በ10,000 ፓውንድ ኃይል ተሳበ። አራት ቶን ተኩል ማለት ነው። ማማው ንቅንቅ አላለም። ቀድሞ እጅ የሰጠው የሚስበው መሣሪያ ነው። በ1990 ቦታው የአሜሪካ ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ሆነ። የአንድ ቀን ፈተና የ33 ዓመት ልፋት አተረፈ።

ሁለተኛውን ታሪክ በተለይ የመንግሥት ሠራተኞች እንዲሰሙልኝ እፈልጋለሁ። ሠሪው ራሱ ከእነሱ አንዱ ነበርና። ኔክ ቻንድ በሕንድ ቻንዲጋር ከተማ የመንገድ ተቆጣጣሪ ነበር። አዲሲቷ ከተማ ስትገነባ ቦታው ላይ የነበሩ መንደሮች ፈረሱ። እሱ ፍርስራሹን ይለቅማል። የተሰበረ ሳህን፣ የተሰበረ አምባር፣ የተጣለ ሲንክ፣ በብስክሌት የሚያመላልሰው ድንጋይ። ግንባታ በተከለከለበት ጫካ ውስጥ ተደብቆ፣ ከሥራ ሲወጣ፣ ማታ ማታ፣ ከዚህ ሁሉ ሰውና እንስሳ ይሠራል። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ ማንም አልደረሰበትም። ባለሥልጣናቱ ያወቁት በ1970ዎቹ ነው።

ሕጉ ብቻ ቢታይ መፍረስ ነበረበት። ግን አልፈረሰም። በ1976 ለሕዝብ ተከፈተ። ለሠሪው ደመወዝ ተቆረጠለት፣ ሠራተኞችም ተመደቡለት። በኋላ ደግሞ ቡልዶዘር ሲመጣበት የከተማው ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ፊት ለፊቱ ቆመ። ይህን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር የምገረመው በእነዚያ ባለሥልጣናት ነው። ከተማዋ በፕላን የተሠራች፣ እያንዳንዱ ጎዳናዋ የተለካ ነው። ፕላኗን የጣሰውን ሰው ቀጥል፣ ሥራ አሉት።

ፈረንሳይ ውስጥም ኦትሪቭ በምትባል መንደር ፈርዲናንድ ሸቫል የሚባል የገጠር ፖስተኛ ነበር። በ1879 ደብዳቤ ሲያድል ድንጋይ አደናቀፈው። የድንጋዩ ቅርጽ ስላስገረመው አነሳው። ከዚያ በየቀኑ ድንጋይ ሲለቅም፣ በእጅ ጋሪ ሲገፋ፣ ማታ በኩራዝ ሲገነባ ኖረ። በድንጋዮቹ ቤተ መንግሥት የሚመስል ሕንፃ ሠርቶ በ1912 ጨረሰው። እዚህም 33 ዓመት! በ1969 የባህል ሚኒስትሩ አንድሬ ማልሮ የራሳቸው መሥሪያ ቤት ሰዎች ሳይደግፏቸው በቅርስነት አስመዘገቡት።

ሦስቱን ያተረፋቸው ዕድል ነው። አንዱ መሐንዲስ አገኘ፣ አንዱ ልበ ሰፊ ባለሥልጣን፣ አንዱ የማይበገር ሚኒስትር። ዕድል ያላገኙትን ማን ይቁጠራቸው? እንዲህ ያለ ሥራ የሚጠፋው ሰው ስለሚጠላው አይመስለኝም። የማንም ሥራ ስላልሆነ ነው። የመንገድ መሥሪያ ቤቱ እንቅፋት ያየዋል። የሕንፃ ፈቃድ ክፍሉ ፈቃድ የሌለው ግንባታ ያየዋል። የቅርስ ቢሮው «ገና አዲስ ነው» ይላል። የቱሪዝም ቢሮው ደግሞ ትንሽ ነው ብሎ ያልፈዋል። ሠሪው ሲሞት ልጆቹ አቅም የላቸውም። ከዚያ አንድ ጠዋት ዶዘር ይመጣል።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። ደህንነቱ ያሳስባል? ይፈተን። መንገድ መስፋት አለበት? ይስፋ፤ ሥራውን ማዛወር ግን ይቻላል። በኒው ጀርሲ ባሕር ዳር በ1881 ከእንጨትና ከቆርቆሮ የተሠራች ሉሲ የምትባል ዝሆን አለች። ስድስት ፎቅ ታህላለች። በ1970 ልትፈርስ ስትል የአካባቢው ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ወደ ሌላ ቦታ አዛወሯት። በቴክሳስ አማሪሎ አጠገብም በ1974 አሥር ካዲላክ መኪኖች በአፍንጫቸው መሬት ውስጥ ተተክለው ቆመዋል። ከተማዋ ስትሰፋ በ1997 ተነቅለው ወደ ምዕራብ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዱ። ስድስት ፎቅ ዝሆን ከተንቀሳቀሰ ሌላውም ይንቀሳቀሳል።

በ2021 «ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች» የሚል ፕሮግራም ጀምራችኋል። በጣም ወድጄዋለሁ። ማንም የማያውቃቸው ትንንሽ መንደሮች ስማቸው ተጠራ። ለመንገድ ዳር ሥራዎችም የዚህ ታናሽ ወንድም የሚሆን መዝገብ ክፈቱ። ሽልማት አያስፈልገውም። ቦታው፣ ሠሪው፣ ዓመቱና አንድ ፎቶ ይበቃል። መዝገብ ላይ ያለ ነገር በዝምታ አይፈርስም። ቢያንስ አንድ ሰው ስልክ ይደውላል።

የማቆሚያ ጉዳይም አለ። መንገደኛው ማየት እየፈለገ የሚያልፈው መኪናውን የሚያቆምበት ስለሌለው ነው። ጃፓን ከ1993 ጀምሮ «ሚቺ ኖ ኤኪ» የሚባሉ የመንገድ ዳር ጣቢያዎችን ትመዘግባለች። አሁን ከ1,000 በላይ ናቸው። ነጻ ማቆሚያ፣ መጸዳጃ፣ ስለ አካባቢው መረጃ፣ የአካባቢው ሰው ያመረተው ነገር። ኖርዌይ ደግሞ 18 የጉብኝት መንገዶች አሏት፤ የሚያስተዳድራቸው የመንገድ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ነው። እኔ ይህን ያህል ወጪ አልጠይቅም። ሦስት መኪና የሚይዝ ጥርጊያ ቦታና አንድ ምልክት ይሁንልን።

አንድ ነገር አደራ። ስታድኑት አታስውቡት። አጥር፣ የመስታወት ሣጥን፣ የመግቢያ በር፣ የቅርስ ዕቃ ሱቅ፤ ይህ ሁሉ ከመጣ ያ መኪና ያስቆመው ነገር ይጠፋል። እነዚያ አማሪሎ ያሉት መኪኖች ለሁሉ ክፍት ናቸው። የመጣው ሁሉ ቀለም ይረጭባቸዋል፣ የነገው ደግሞ በላዩ ላይ ይረጫል። ደስ የሚለውም እሱ ነው። ሠሪው በሕይወት ካለ ደግሞ መጀመሪያ እሱን ጠይቁ። ግቢው ነው። ጎብኚ የማይፈልግ ከሆነ መዝግባችሁ ተዉት።

በየዓመቱ ሴፕቴምበር 27 የዓለም የቱሪዝም ቀን ታከብራላችሁ፤ በየዓመቱም መሪ ሐሳብ ትመርጣላችሁ። ከሚመጡት ዓመታት አንዱን ለእነዚህ ሰዎች ስጧቸው።

እስከዚያ ግን ዛሬውኑ ልታደርጉት የምትችሉት አለ። ለየአባል አገሩ የመንገድ ባለሥልጣን አንድ ጥያቄ ላኩ። በምትጠግኑት መንገድ ላይ ሰው መኪና አቁሞ ፎቶ የሚያነሳው የት የት ነው? ኃላፊው ላያውቅ ይችላል። ጉድጓድ የሚደፍነውን ሠራተኛ ይጠይቅ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ መንገደኛ