ጥቁር መነጽር ሁሉ ከጨረር አይከላከልም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ዓይን ጤና ባወጣችሁት ጽሑፍ የዓይን ሞራ በሰፊው ሲተነተን፣ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በኮርኒያ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ሳይነሣ ታልፏል። ኮርኒያ የዓይን የፊት ጥርት ያለ ሽፋን እንደመሆኑ ዩቪ-ቢ የተባለውን የአልትራቫዮሌት ጨረር ዓይነት በአብዛኛው የሚውጠው እርሱ ነው፤ ጨረሩ ሲበዛ የላይኛው ሕዋሱ ይቃጠላል፣ ሕመሙም ከሰዓታት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ማታ፣ አሸዋ የገባበት ያህል እየቆረቆረና እያስነባ ይመጣል። ይህስ በሁለት ሦስት ቀን ይሽራል። ይበልጥ የሚያሳስበው ለዓመታት ለፀሐይ ከመጋለጥ ጋር ተያይዞ ከነጩ የዓይን ክፍል ተነሥቶ ኮርኒያው ላይ የሚያድገው ሥጋ ነው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ለምድር ወገብ ቀርባ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ሐይቁ ላይ ጀልባ ውስጥ የሚውል ዓሣ አስጋሪ ጨረሩ ከሰማይም ከውኃውም ያገኘዋል።

በየመንገዱ የሚሸጠው ጥቁር መነጽር ጨረር መከላከያ ከሌለው ኮርኒያን አይጋርድም፤ እንዲያውም ጨለማው ብሌንን ስለሚያሰፋ ወደ ውስጥ የሚዘልቀውን ጨረር ሊያበዛው ይችላል። ስለዚህ የከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት «ዩቪ 400»፣ ማለትም አልትራቫዮሌት ጨረርን ያግዳሉ፣ ተብለው የሚሸጡትን መነጽሮች በመለኪያ እንዲያስፈትሽ፣ በሐይቁ ዳር ያለው የአሞራ ገደል ዓሣ አስጋሪዎች ማኅበራትም የተፈተሸውን መነጽርና ክፈፈ ሰፊ ባርኔጣ በጅምላ ገዝተው ለአባሎቻቸው እንዲያከፋፍሉ ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንድ አንባቢ፣ ከሐዋሳ