ትራሱን አንሳው

ድሬዳዋ፣ ግንቦት

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? እናትህስ? ይህን ያህል ድምፄን ማጥፋቴ ስንፍና ነው እንጂ ቅያሜ እንዳይመስልህ። ሐረር ላይ እግራቸው የተቆረጠ ታካሚዎችን ልትይዝ ነው ሲሉኝ ብዕር አነሳሁ። የወገብና የስትሮክ ፊዚዮቴራፒ ልምድህ ይጠቅምሃል፤ ይሄኛው ግን የራሱ ጠባይ አለው።

አቦ፣ ከሁሉ በፊት ትራሱን አንሳው። ከጉልበት በታች ለተቆረጠ ሰው ቤተሰብ አዝኖ ከእግሩ ሥር ትራስ ያስገባለታል። ጉልበቱ እንደታጠፈ ሲከርም ጅማቱ ያጥራል፤ ያንን ደግሞ የትኛውም ሶኬት (የተቆረጠው እግር የሚገባበት የሰው ሠራሹ እግር ጎድጓዳ ክፍል) አያቃናውም። በርጫ ላይ እግር አጥፎ መቀመጥም ያው ነው። አትቃም ብትለው አይሰማህም፤ እግርህን ዘርግተህ ተቀመጥ ብትለው ግን ይሰማህ ይሆናል። ከጉልበት በላይ ከተቆረጠ አደጋው ዳሌው ላይ ነው፦ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በሆዱ ይተኛ።

ላስቲክ ፋሻውን በ8 ቅርጽ አግድም ሰያፍ አዙረው፤ ጫፉ ላይ ጠበቅ፣ ወደ ላይ ላላ። ዙሪያውን እንደ ቀለበት ካሰርከው ጫፉ እንደ አምፖል ያብጥና ሶኬት አይገባለትም። በየ4 ሰዓቱ ገደማ ፈትተህ ቆዳውን አይተህ መልሰህ እሰር። የሌለው ጣቴ ያሳክከኛል ካለህ፣ እብደት እንዳልሆነ አስረዳው። ደህናውን እግር መስታወት ፊት ማንቀሳቀስ አንዳንዱን ያቀልለታል።

ሶኬቱ ሲመጣ ክብደቱ ከጉልበት ሎሚ በታች ባለው ጅማትና በጎኖቹ ላይ ይረፍ፤ የቅልጥሙን ስለትና ጫፉን አይንካ። መጀመሪያ ቀን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ብቻ አራምደውና አውልቀህ እይ። ቅላቱ በ10 ደቂቃ ውስጥ ካልጠፋ ለሠሪው መልሰው፤ "ይለምደዋል" አትበል። ቀኑ እየገፋ ሲሄድ እግሩ ይቀጥናል፣ ሶኬቱ ውስጥ ይሰምጣል፣ ጫፉ ያመዋል። ሰውየው ጠበበኝ ብሎ ከሶኬቱ ውስጥ የሚለብሰውን ካልሲ ይቀንሳል፤ መጨመር ነበረበት! በዚህ የድሬ ሙቀት ደግሞ ቅያሪ ካልሲ ከእጁ አይጥፋ። እግሩንም ሶኬቱንም ማታ ይጠብ፤ ጠዋት ከታጠበ እርጥቡ ቆዳ ይላጣል።

የጫማውን ነገር ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ሰው ሠራሽ እግር የሚስተካከለው ለአንድ የተረከዝ ቁመት ነው። በባለተረከዝ ጫማ ተስተካክሎለት ሸበጥ ካደረገ ጉልበቱ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ሜዳው ዳገት ይሆንበታል። ስለዚህ ሲለካ የዘወትር ጫማውን ይዞ ይምጣ። ያ እግር በጣቱ ስለማይጨብጥ ከኋላ ማሰሪያ ያላት ሳንዳል ትሻለዋለች።

ፓራለል ባር (ግራና ቀኝ ተይዞ መራመድ የሚለመድበት ብረት) ላይ ጎበዝ የሆነው ሁሉ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ጎበዝ አይደለም፤ ውጭ አውጣው። የጀጎልን ደረጃ ሲወጣ ደህናው እግር ይቅደም፣ ሲወርድ ሰው ሠራሹ። ስኳር ካለበት የቀረውን እግር ውስጥ እግሩን ሳይቀር በየቀኑ ይይ።

ክፍልህ ውስጥ የማይሰረጉድ አልጋና ቁመት ሙሉ መስታወት ካለ ጻፍልኝ።

ጓደኛህ