ለግድግዳ የተሠራ ማሲንቆ ለተማሪ አይሰጥ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጎንደር ላይ ማሲንቆ ለመማር የሚመዘገብ ወጣት ሞልቷል፤ ሳይዘልቅበት የሚተወውም ብዙ ነው። «ጆሮ የለውም» ይባላል። እኛ ግን ጥፋቱን የምናየው በያዘው ዕቃ ላይ ነው። ለቱሪስት ማስታወሻ ተብሎ የተሠራ፣ ሲሰቀል የሚያምር ማሲንቆ ለክበባት መለማመጃ እየተገዛ ነው።

የሚያገለግል ማሲንቆ ስስ የፍየል ቆዳ ይለብሳል። ቆዳው ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ሲለሰልስ ጠጉሩ ይፋቃል፤ እርጥብ እንዳለ ሣጥኑ ላይ ተወጥሮ ይሰፋና ጥላ ላይ ይደርቃል። ፀሐይ ላይ ካጣደፉት አንዱ ወገን ቀድሞ ይኮማተርና ሣጥኑን ያጣምመዋል። ሲገዙ በጣት መታ መታ አድርጉት፤ ጥርት ብሎ መመለስ አለበት። ወፍራም ቆዳ፣ በዚያ ላይ ቀለም ከተቀባ፣ ድምፁን ያፍነዋል።

ጭራውም ይታይ። የፈረስ ጭራ ሆኖ ሳይገመድ፣ ጠጉሩ ሁሉ እኩል ተወጥሮ መዋል አለበት። የላሉ ጠጉሮች ካሉበት ደጋኑ ሲነካቸው ይንሿሿሉ። ደጋኑ ዕጣን ካልተቀባ ደግሞ የደጋኑ ጭራ በማሲንቆው ጭራ ላይ ይንሸራተታል፤ ጀማሪው ድምፅ አጣሁ ብሎ ይጫነዋል፣ የባሰ ይሻክርበታል። ጭራውን ከቆዳው ከፍ አድርጎ የሚይዘው ብርኩማ አጭር ከሆነ ጭራው አንገቱን ይጠጋል። ማሲንቆ ላይ ጣት ጭራውን ይነካዋል እንጂ ከእንጨቱ ጋር አያጣብቀውም፤ ስለዚህ ክፍተት የግድ ነው።

ትልቁ ጉዳት የሚታየው ቅኝት ላይ ነው። ክራር ከቅኝት ወደ ቅኝት ሲያልፍ አውታሩ እንደገና ይቃኛል። ማሲንቆ ግን ባለ አንድ ጭራ ነውና ትዝታም፣ ባቲም፣ አምባሰልም፣ አንቺሆዬም የሚለዩት በጣት አቀማመጥ ነው። አምባሰልን እንውሰድ፦ ክፍቱ ጭራ፣ ማለትም ጣት ያልነካው፣ ዶ ቢሆን ሌባ ጣት ሬ ፍላት (ከሬ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ)፣ መሐል ጣት ፋ፣ የቀለበት ጣት ሶል፣ ትንሿ ጣት ላ ፍላት ላይ ያርፋሉ። ወደ አንቺሆዬ ሲታለፍ ሁለቱ የፊት ጣቶች ካሉበት አይነቃነቁም። የቀለበት ጣት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላል፣ ትንሿ ጣት ግማሽ ድምፅ ከፍ ትላለች። የሚንቀጠቀጠው ጭራ 40 ሳንቲሜትር ቢሆን እያንዳንዷ እርምጃ አንድ ሳንቲሜትር ተኩል ገደማ ብትሆን ነው። መቃኛው እየተንሸራተተ፣ ቆዳው እየረገበ ክፍቱ ጭራ ራሱ ከዶ ከወረደ ይህቺን ልዩነት ማን ጆሮ ይይዛታል? ልጁ ትክክል ቦታ ነክቶ የተሳሳተ ድምፅ ይሰማል፤ ነገ እጁን ወደ ስህተቱ ያስለምዳል።

የክረምቱ እርጥበት ደህናውንም ማሲንቆ ያረግበዋል። ፍም አጠገብ፣ ከእሳቱ ራቅ አድርጎ ማሞቅ ቆዳውን ይመልሰዋል። ካጠጉት ግን ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ቆዳ መቀየር ነው እንጂ መጠገኛ የለውም።

አዝማሪው ማሲንቆውን በገዛ እጁ ሲሠራ የኖረበት አገር ነው፤ ሠሪ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጀት የያዙ ክበባትና ትምህርት ቤቶች ከመክፈላቸው በፊት አንድ አዝማሪ ይዘው ይሂዱ። ዕቃው ላይ አምባሰልና አንቺሆዬን አከታትሎ ይጫወትላቸው፤ ሲጨርስ ክፍቱን ጭራ ይምታው። ከመነሻው ድምፅ ወርዶ ከተገኘ ለሻጩ ይመለስ።

ከማሲንቆ ሠሪዎችና ተጫዋቾች
ጎንደር