ስለ ኖባ ቀስተኞች ለአባቴ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለፈው በስልክ ስንነጋገር፣ ግብፅ በዓረቦች እጅ ስትወድቅ ጎረቤቷ ኖባ (በዛሬዋ ሰሜን ሱዳን የነበረችው የክርስቲያን መንግሥት) ነጻነቷንና ክርስትናዋን ይዛ እንዴት ልትቆይ እንደቻለች ጠይቀውኝ ነበርና ያነበብኩትን በጽሑፍ ልልክልዎ ወደድኩ። እኔ እንደተረዳሁት፣ ከሁሉ አስቀድሞ ያቆዩአት ቀስተኞቿ ናቸው።

ግብፅን የያዘው ጦር እ.ኤ.አ. በ642 ገደማ ወደ ደቡብ ዘመተ። የ9ኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ ጸሐፊ አል በላዙሪ፣ ከኖባዎች ጋር ሁለት ጊዜ የተዋጋ አንድ አረጋዊ የተናገረውን መዝግቧል። ዓረቦቹ በሰይፍ አንድ ጊዜ ተወርውረው ነገሩን ሊጨርሱ ቢያስቡም፣ ገና ሳይጠጉ ፍላጻ ዘነበባቸው፤ የጠፋው ዓይን ሲቆጠርም 150 ሆነ። ኖባው ባላጋራውን «ፍላጻዬን የትህ ላይ ልትከልልህ?» ብሎ ይጠይቅ፣ የተባለውንም ቦታ አይስት ነበር ይላል። ከእነዚህ ሰዎች ጋር የሚሻለው ዕርቅ ነው፣ ምርኳቸው ጥቂት ጉዳታቸው ግን ብዙ ነው ሲሉ ዓረቦቹ መከሩ።

ልብ ይበሉልኝ አባባ፤ ደረት በጥሩርና በጋሻ ሲሸፈን፣ ዓይን ግን ለማየት ሲባል ክፍት መቅረቱ ግድ ነው። ያን ያህል ጠባብ ዒላማ መምታት ከልጅነት ጀምሮ መልመድን ይጠይቃል። በአገሪቱ ጥንታዊ መቃብሮች ውስጥ ቀስተኞች አውታር የሚስቡባቸው፣ ከድንጋይ የተጠረቡ ወፋፍራም የአውራ ጣት ቀለበቶች ተገኝተዋል፤ ከባለቤታቸው ጋር መቀበራቸው የሙያውን ክብር ይመሰክራል።

በ652 የግብፅ ዓረብ ገዥ አብደላህ ኢብን ሰዕድ የኖባዎችን ዋና ከተማ ዶንጎላን ከብቦ፣ ድንጋይ በሚወረውር መሣሪያ ቤተ ክርስቲያናቸውን አፈረሰባቸው። ይሁንና አገሪቱን ሊይዝ አልቻለም። ሁለቱም ወገኖች የሚፈሩት ነገር ስለነበራቸው ከንጉሥ ቀሊዱሩት ጋር «ባቅት» የተባለው ውል ተደረገ፤ ኖባ በየዓመቱ 360 ባሮች ልትሰጥ፣ ከግብፅም ስንዴ፣ ምስርና ጨርቅ ሊላክላት። ቀስተኞቹን ሳደንቅ የእነዚያን ባሮች ዕጣ ዘልዬ ማለፍ አልችልም፤ የሰላሙን ዋጋ የከፈሉት እነርሱ ናቸውና።

ውሉ በየመሐሉ እየተጣሰም ቢሆን 600 ዓመት ገደማ ቆየ። በኖባ ከተማ በፋራስ የነበረው ካቴድራል ግድግዳዎች በቅዱሳን ሥዕል ያሸበረቁት በዚያ ዘመን ነው። ፎቶግራፎቹን ከደብዳቤው ጋር ልኬልዎታለሁ፤ የቅዱሳኑን ዓይኖች ከእኛ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሎች ጋር አስተያይተው የታየዎትን ይንገሩኝ።

ልጅዎ