የድሬ ድንችሽ ነገር

ለምወድሽ ልጄ፣

የላክሽውን ፎቶ አየሁት። እናትሽም አይታው ሳቋ አልቆም ብሎ ስልኩን ይዛ ጎረቤት ሁሉ ዞረችብሽ። ቅጠሉ ወገብሽ ደርሶ ሥሩ ሲገለበጥ ሽምብራ የሚያካክል አምስት ፍሬ! አይዞሽ፣ እኔም የጀመርኩ ዓመት እንደዚሁ ሆኛለሁ። ያውም ድሬ ሳይሆን እዚሁ ሐረር። ለሰው ስላላወራሁት ነው የማታውቂው።

ያኔ ሰው ድንቹን ሲጨርስ እኔ ገና በመስቀል ማግስት በከረጢት አፈር ሞልቼ ልትከልና ለገና ጾም መጨረሻ ላድርስ ብዬ ተነሳሁ። ሦስት ወር ከምናምን ይበቃዋል። ያስፈራኝ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ነው፤ ሐሮማያ ሜዳ ላይ አመዳይ ወርዶ አረንጓዴ የነበረ ማሳ በአንድ ሌሊት ሲጠቁር አይቻለሁ። ስለዚህ ፌሮ አጎበጥኩ፣ ላስቲክ አለበስኩት፣ ዙሪያውን በድንጋይ ጠቅጥቄ ዘጋሁትና ተኛሁ። ቅጠሉ ጉድ አስባለ። ላስቲኩን ገፍቶ ሊወጣ ደረሰ፣ እኔም ለመጣ እንግዳ ሁሉ አሳያለሁ። ቀን ፀሐዩ ሲበረታ ውስጡ ምድጃ እንደሚሆን፣ ጠዋት ከላስቲኩ ውኃ ጠብ ጠብ እያለ ቅጠሉ ላይ እንደሚያድር ማን ልብ ብሎ! ስቆፍረው ከዘጠኝ ማዳበሪያ አንድ ድስት የሚሞላ አልወጣም። (ማዳበሪያ ስልሽ ከረጢቱን ነው።) ቅጠሉም ግማሹ ምች እንደመታው ጠቁሮ ነበር።

ነገሩ ይኸው ነው። ድንች ፍሬ የሚቋጥረው አፈሩ ቀዝቀዝ ሲልለት ነው፣ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ደስ ይለዋል። ሙቀቱ ወደ 30 ሲጠጋ ቅጠልና ግንድ እያበዛ ፍሬ መቋጠሩን ይተዋል። አንቺ ደግሞ የተከልሽው በሐምሌ ነው። በሐምሌ ድሬ ላይ ሰው እንኳ እንቅልፍ አይወስደውም፣ ድንቹ ምን ያድርግ? በዚያ ላይ ፍግ አብዝተሽበታል፤ ያ ቅጠሉን ብቻ ነው የሚያሰባው።

አሁን ግን ጥቅምት ገብቷል፣ ለድሬ ጊዜው ልክ አሁን ነው። በዚህ ሳምንት ከተከልሽ ፍሬ መቋጠር የሚጀምረው ኅዳር መጨረሻ ገደማ፣ ከተማችሁም ቀዝቀዝ ስትል ነው። የምትሸፍኚውም እኔ እንደምሸፍነው አይደለም። እኛ 1,880 ሜትር ገደማ ላይ ነን፣ እናንተ ወደ 1,200። እኔ ላስቲኩን ማታ አለብስና ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ሁለቱን ጫፍ እገልጣለሁ፣ አንድ ቀን አልዘልም፣ እናትሽ «ሕፃን ያሳደገ እንኳ እንዲህ አልሆነም» ትለኛለች። አንቺ ላስቲክ የሚባል ነገር እንዳታስጠጊ። ያንቺ ከቀትር ፀሐይ ነው መከለል ያለበት፤ አሮጌ ጆንያ ቀደድ ቀደድ አድርገሽ ከፍ አድርገሽ ወጥሪው፣ ነፋስ በሥሩ ይለፍ፣ የጠዋቱን ፀሐይ ያግኝ። አጎበሩን ግን እንዳትነኪ! ለድንች ብለሽ ወባ እንዳትሸምቺ።

ማዳበሪያውን አፉን ወደ ታች ጠቅልለሽ ሲሶውን ብቻ አፈር ሙዪው። የማዳበሪያውን ታች በሳ በሳ አድርጊው፣ ውኃ እንዳይቋጥር። ሁለት ድንች ይበቃዋል፣ ሦስተኛ አትጨምሪ። ግንዱ አንድ ስንዝር ባደገ ቁጥር ማዳበሪያውን እየፈታሽ አፈር አልብሺው፣ ጫፉ ብቻ ይታይ። ይሄን አትስነፊበት፣ ፍሬው ብርሃን ካየ አረንጓዴ ይሆናል፣ አረንጓዴው ደግሞ መራራ ብቻ ሳይሆን መርዝ ነው፣ ቢቀቅሉትም አይለቅም። ውኃ ማታ ማታ ከሥሩ ስጪው፣ ቅጠሉ ላይ አታርከፍክፊ። አንድ ሳምንት አድርቀሽ አንድ ቀን ካጥለቀለቅሽው ፍሬው ይሰነጠቃል። በውኃ ነገር እኔ አላማርርም፣ እኛ እንኳ ሐረርን ያጠጣ የነበረው ሐሮማያ ሐይቅ በደረቀ ጊዜ በጄሪካን ቆጥበን አጠጥተናል፣ የአትክልት ማጠቢያውን ሳይቀር።

የድሮው ስህተትሽ ሌላው ዘሩ ነው። ከገበያ አዲስ የተቆፈረ ገዝተሽ ቀበርሽው፣ ወር ሙሉ አልበቀለም ብለሽ ደወልሽ። አዲስ ድንች ሁለት ሦስት ወር ይተኛል፣ ብትለምኚውም አይነቃም። እኔ የሰኔውን እንቁላል የሚያክለውን መርጬ በረንዳ ላይ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው ብርሃን ዘርግቼ አኖራለሁ። እዚያ ያቆጠቆጠው አጭርና ወፍራም፣ አረንጓዴ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቡቃያ ያወጣል። አልጋ ሥር ጨለማ ውስጥ የከረመው ግን ነጭ ክር ነው የሚያወጣው፣ ሲነኩት እጅ ላይ ይቀራል። ቆርጠሽ አትትከዪ፣ ሙሉውን ቅበሪው።

ጥር መጨረሻ ላይ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ግንዱን ቁረጪውና ውኃ አቁሚ። ሁለት ሳምንት ያህል ቆዳው ይጠንክር። እኔ ከዚያ በኋላ አፈሩ ውስጥ ትቼ ለወጥ የሚበቃኝን ብቻ በእጄ እየፈለግሁ አወጣለሁ፣ እናንተ ጋ ግን አፈሩ ስለሚሞቅ አታቆዪው። አምና ከዘጠኙ ማዳበሪያ 14 ኪሎ አገኘሁ። ትርፉ አይደለም፣ ግን ከአፈር ወጥቶ ወዲያው ድስት የሚገባ ድንች ሸዋ በር ገበያ ላይ አይሸጥልሽም፣ አቦ።

ለቁልቢ ስትወጪ ቤት ሳትደርሺ እንዳትመለሺ፣ እናትሽ ከአሁኑ እየጠየቀች ነው።

ነገ ጠዋት በሚኒባስ 12 ዘር እልክልሻለሁ፣ መናኸሪያ ወጥተሽ ተቀበዪ። ካርቶኑ ላይ ወደ ላይ የሚያሳይ ቀስት ሥያለሁ። ገልብጠሽ እንዳትይዢው፣ ቡቃያው ይሰበራል።

አባትሽ