ልጅን ልጅ ብለን እንጻፍ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ባለፈው እሑድ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካለ አንድ ቡና ቤት ተቀምጬ የሰማሁት ነገር ይህን ደብዳቤ አስጻፈኝ። አጠገቤ የነበረ ጎልማሳ ፀጉራቸው የሸበተውን አስተናጋጅ «ልጅ፣ ሒሳብ!» ብሎ ጠራቸው። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ለውዝ በሲኒ እየሰፈረ የሚሸጥ፣ ዕድሜው ከአሥር የማይዘል ልጅ ሲቀርበው «ጎበዝ፣ አንተማ ትልቅ ሰው ነህ» አለው። ልጁ ትሪውን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ሲሰፍር ጫፍ ጫፉ የተጣጠፈ ደብተር በብብቱ ይዞ ነበር።

«ልጅነት» በቋንቋችን ዕድሜም ነው፣ ዝምድናም ነው። እናቱን የሚጦር የስድሳ ዓመት ሰው ለእናቱ ልጅነቱ አይቀርም፤ የጡት ልጅ፣ የክርስትና ልጅ የምንለውም ዕድሜን አይቆጥርም። የዕድሜው ልጅነት ግን አንዴ ካለፈ አይገኝም፤ እኛም የምናቃልለው ይህንኑ ነው። ሲያጠፋ «ልጅነት ነው» እያልን የምናልፈውን ልጅ፣ ሲሠራልን ትልቅ ሰው እናደርገዋለን።

የጋዜጣ አጻጻፋችንም ከዚህ አልራቀም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ስለ «ሕፃናት» መብት ይደነግጋል፤ በ1989 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በመርሕ ደረጃ ከ18 ዓመት በታች ያለውን ሁሉ ያጠቃልላል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን 15 ዓመት የሞላው «ወጣት ሠራተኛ» ይባላል፤ በብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲም ወጣትነት ከ15 እስከ 29 ዓመት ነው። በሰፈራችን ሕፃን የምንለው ገና የሚታዘለውን ስለሆነ የ16 ዓመት ልጅ «ሕፃን» ተብሎ ሲጻፍ አንባቢ ግር ይለዋል፤ «ወጣት» ሲባል ደግሞ ራሱን የቻለ ሰው ይመስለዋል። በዚህ መካከል ያው አዋጅ ለዚህ ልጅ ያስቀመጠው ጥበቃ፣ በቀን ከ7 ሰዓት በላይና ሌሊት እንዳይሠራ መከልከሉ፣ ከነጭራሹ ይዘነጋል። የአሥራ ሁለት ዓመቱን ሊስትሮ «ወጣት» ማለትማ በየትኛውም ሕግ አይደገፍም።

ስለዚህ ዘጋቢዎቻችሁ ዕድሜውን በቁጥር እንዲጽፉ፣ ከ18 ዓመት በታች ያለውንም ሁሉ «ልጅ» እንዲሉ እጠይቃለሁ፤ የሕጉን ቃል መጥቀስ ሲያስፈልግም በትእምርተ ጥቅስ ሊያስገቡት ይችላሉ። ያን ለውዝ ሻጭ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ ጠይቄው «ሦስተኛ» ብሎኛል። ስለ እርሱ የሚጻፍ ዜና ቢኖር፣ «ነጋዴ» ከመባሉ በፊት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ልጅ መሆኑ ይጻፍልኝ።

ከአክባሪ አንባቢዎ
ባሕር ዳር