ሦስት ዓመት ያለ ደመወዝ፦ ለጎንደሯ ጓደኛዬ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
የካቲት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውዷ ጓደኛዬ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ልጆቹስ? ሰላሙስ እንዴት ነው? እኛ ተመስገን ደህና ነን። አዘዞ እማ ጋ ብቅ እንደምትዪ ሰምቻለሁ። እግዜር ይስጥልኝ፤ ውለታሽ አለብኝ።

«አንቺ ልጅ፣ በሕይወት አለሽ?» ብለሽ በገና የላክሽውን አንብቤ ሳቅኩ። በ2015 ክረምት ኔት ሲዘጋባችሁ እንደተቆራረጥን ቀረን። ሲከፈት ደግሞ እኔ የሌሊት ሺፍት ገብቼ ነበር። አንቺ ከሥራ ስትወጪ እኔ እንቅልፍ ላይ ነኝ። እኔ ስነቃ አንቺ ተኝተሻል። በዚያ ላይ ልጆች፣ በዚያ ላይ ጥናት። አሁን ግን የምነግርሽም የምለምንሽም ነገር ስላለ ተቀምጬ ልጻፍ አልኩ።

ትምህርት ቤት ተቀበሉኝ። የሰመመን ትምህርት ቤት። አዎ፣ ሳቂ! ጎንደር እያለን «ሰው አስተኝቶ ቁጭ ማለት ምኑ ነው ሥራው» እያልኩ አንቺን የሰመመን ባለሙያዋን ሳበሽቅሽ የኖርኩት እኔው ነኝ። ሜይ ላይ እጀምራለሁ።

እዚህ ሰመመን የምትሰጥ ነርስ ሲአርኤንኤ ትባላለች። እንደናንተ ከመጀመሪያው ተመድበሽ የምትማሪው አይደለም። መጀመሪያ ነርስ ትሆኛለሽ። ከዚያ ቢያንስ አንድ ዓመት አይሲዩ (የፅኑ ሕሙማን ክፍል) ትሠሪያለሽ። ከዚያ ታመለክቻለሽ፤ አብዛኛው ሰው አይገባም። በፈረንጆቹ ከ2022 ጀምሮ አዲስ የሚገባ ተማሪ ሁሉ የሚመረቀው በዶክትሬት ነው። ትምህርቱ ቢያንስ 36 ወር ይፈጃል። ለመመረቅ 600 ኬዝ (ሰመመን የሰጠሽው በሽተኛ) እና 2,000 ሰዓት የክሊኒክ ልምምድ ማሟላት አለብሽ። አንቺ 600 ኬዝ በስንት ጊዜ እንደምትጨርሺ ሳስበው ያስቀኛል።

ከማመልከቴ በፊት አንዷን ሲአርኤንኤ ቀኑን ሙሉ ተከትዬ ዋልኩ። ያ ወተት የሚመስለውን የማስተኛ መድኃኒት፣ ፕሮፖፎልን፣ ሰጠች። በሽተኛው «ልጄ ነገ...» ብሎ ጀምሮ ሳይጨርስ ተኛ። ጭምብሉን በአውራ ጣቷና በአመልካች ጣቷ ያዘች። ትንሿ ጣቷ ከጆሮው ሥር፣ የመንጋጋው ማዕዘን ላይ ገብታ መንጋጋውን ወደ ላይ ታነሳለች። በሌላው እጇ ከረጢቱን ትጨምቃለች። ዓይኗ ሞኒተሩ ላይ አልነበረም፤ ደረቱ ላይ ነበር። አንቺ አንድ ጊዜ መብራት ሲጠፋ ያደረግሽውን ስትነግሪኝ «ደረቱን አያለሁ፣ ሌላ ምን አያለሁ» ያልሽው ትዝ አለኝ። ሃሎቴንና ኬታሚን ይዘሽ ስንቱን አስተኝተሽ አስነስተሻል። የዛን ዕለት ማታ ለባለቤቴ «ይሄን ሥራ እፈልገዋለሁ» አልኩት። እሱ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «በምን ገንዘብ?»

አልተቆጣም፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። እንግዲህ ወደ ገንዘቡ እንግባ። የዚህ ደብዳቤ ዋና ጉዳይ እሱ ነውና።

በመንግሥት የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ አኃዝ፣ በ2023 የአንድ ነርስ መካከለኛ ደመወዝ በዓመት 86,070 ዶላር ነበር። የነርስ አኔስቴቲስት ደግሞ 212,650። ይህን ሁለተኛውን ቁጥር እባክሽ ለአንድም ዘመዴ እንዳትነግሪ። የምሬን ነው። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ግን ከሦስት ዓመት በኋላ ነው የሚመጣው። ሰው የሚሰማው ቁጥሩን እንጂ «ከሦስት ዓመት በኋላ» የሚለውን አይደለም።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ የትምህርት ክፍያውን ነው። ክፍያውማ ይበደሩታል፤ የኔው 120 ሺህ ዶላር ገደማ ነው፣ ከዚህ በጣም የሚበልጥም አለ። የሚያስጨንቀው ሌላ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ደመወዝ የለኝም። ትምህርት ቤቶቹ «አትሥሩ» ይላሉ፤ ባይሉስ መቼ ሊሠራ ነው? ሌሊት አምስት ሰዓት ተኝተሽ፣ ዘጠኝ ተኩል ተነስተሽ፣ ሁለት ሰዓት መንዳት የሚጠይቅ ሆስፒታል የምትመደቢበት ጊዜ አለ። እስካሁን ቤታችን የሚቆመው በኔ ኦቨርታይም ነበር። ኪራዩ፣ የትንሹ ዴይኬር፣ የመኪናው ኢንሹራንስ፣ ለእማ የምልከው፣ የወንድሜ ትምህርት፣ ዕቁቡ። ቢሉ ወር አይጠብቅም፣ እኔ ተማሪ መሆኔንም አያውቅም።

ብድሩን ልንገርሽ፤ እዚህ ላይ ዕድል ቀንቶኛል። እስከ አሁን የድህረ ምረቃ ተማሪ ከፌዴራል መንግሥቱ ትምህርት ቤቱ ያወጣውን ሙሉ ወጪ ያህል መበደር ይችል ነበር። ክፍያውንም መኖሪያውንም። ትራምፕ ጁላይ 4 ቀን 2025 የፈረሙት ሕግ ግን ያንን የብድር ዓይነት ዘጋው። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ ተበዳሪ በዓመት ከ20,500 ዶላር፣ በድምሩ ከ100 ሺህ በላይ ከመንግሥት አያገኝም። ለሐኪምና ለጠበቃ ዓይነቱ በዓመት 50 ሺህ፣ በድምሩ 200 ሺህ ተፈቅዷል። የፌዴራሉ ትምህርት መሥሪያ ቤት በ2025 መጨረሻ ይዞት በወጣው ረቂቅ ነርሲንግ ከነዚያ ሙያዎች ውስጥ የለችበትም። ዶክትሬት ተማሩ ብለው ያስገድዳሉ፣ ብድር ላይ ሲደርስ ግን አንቆጥራችሁም ይሉናል። ጉድ እኮ ነው!

ሁለት ትምህርት ቤት ነበር የተቀበለኝ። አንዱ ሜይ ይጀምራል፣ ሌላው ኦገስት። የኦገስቱ በ20 ሺህ ዶላር ይረክሳል፣ ለቤታችንም ይቀርባል። ግን እዚያ ብገባ ሦስት ዓመት ሙሉ ከመንግሥት የማገኘው 61,500 ብቻ ነው። የቀረውን ከባንክ፣ ባንኩ ባለው ወለድ፣ ምናልባትም ዋስ ጠርቼ። ሜይ የሚገባና ከጁላይ 1 በፊት ብድሩ የተለቀቀለት ግን በአሮጌው ሕግ እስከ ሦስት ዓመት ይቀጥላል። ስለዚህ ውዱን መረጥኩ። ባለቤቴ ወረቀት ላይ አስልቼ እስካሳየው ድረስ እብድ መስዬው ነበር።

ግን ብድሩ ነፃ እንዳይመስልሽ። ዓይነቱ ሁለት ነው፦ በዓመት እስከ 20,500 የሚሰጠው መደበኛውና የቀረውን ወጪ የሚሸፍነው፣ ያ የተዘጋው። የ2025–26 ወለድ ለመጀመሪያው ዓይነት 7.94 ከመቶ ነው፣ ለሁለተኛው 8.94። ሁለተኛው ላይ ደግሞ ገና ሲሰጡሽ 4.228 ከመቶ ይቆርጣሉ። 10 ሺህ ተበድረሽ 9,577 እጅሽ ይገባል፤ ዕዳሽ ግን 10 ሺህ ነው። ወለዱም እየተማርሽ ይቆጥራል። ገና መርፌ ሳልይዝ ዕዳዬ ሲያድግ ልመለከት ነው።

ሠራዊቱ በነፃ ያስተምራል፤ ከዚያ ለዓመታት ታገለግያለሽ። በሁለት ልጅ ይሄን አላሰብኩትም። አንዳንድ የሰመመን ድርጅቶች ደግሞ ተማሪ እያለሽ በየወሩ ይከፍሉሽና ስትመረቂ ለተወሰነ ዓመት እነሱ ጋ ትሠሪያለሽ። አንድ ውል ላኩልኝ። ወሬው ያማረ ነው። ታች በትንሹ የተጻፈውን ሳነብ፣ ቀድሜ ብወጣ ሙሉውን ከነወለዱ እመልሳለሁ ይላል። አልፈረምኩም። የት እንደምንኖር ሳላውቅ ራሴን አላስርም። ስመረቅ የሚረዳ የመንግሥት ፕሮግራምም አለ፤ የነርሶች እጥረት ባለበት ቦታ ሁለት ዓመት ለሚሠራ የብድሩን 60 ከመቶ ይከፍላል። ለሁሉም አይደርስም፤ ግን አመለክታለሁ።

ካለፈው መስከረም ጀምሮ ልምምድ ላይ ነን። የኔን ደመወዝ ሳንነካ በሱ ብቻ ለመኖር። እሱ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ደመወዙ ከእጅ ወደ አፍ ነው። የመጀመሪያው ወር እንደምንም አለፈ። በሁለተኛው የመኪናው ፍሬን አለቀ። በዚያው ሳምንት ትልቋ ለትምህርት ቤት ጉዞ ገንዘብ ጠየቀች። ቁርጡን ያወቅነው ያኔ ነው፤ በሱ ደመወዝ ያለ ዴይኬሩ ወሩ ይወጣል፣ ከዴይኬሩ ጋር አይወጣም። ትምህርት ቤቱ ጋ ደውዬ ልጅ እንዳለኝ ስነግራቸው የሕፃን መዋያው ወጪ ብድሩ ውስጥ እንዲካተት ማመልከት እንደሚቻል ነገሩኝ። ካልጠየቅሽ ማንም አይነግርሽም። ፎርሙን ሞላሁ፣ ተፈቀደ። እሱም ቢሆን ዕዳ ነው፤ ግን ልጄ የሚውልበት አገኘ።

የጤና ኢንሹራንሱ በኔ ሥራ ነበር። ሥራ ስለቅ በባለቤቴ መሥሪያ ቤት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለብን፤ ካለፈ እስከሚቀጥለው የምዝገባ ወቅት መጠበቅ ነው። ቀኑን ፍሪጁ ላይ ለጥፌዋለሁ። ዕቁቡን ደግሞ ብልሃት ተጠቀምኩበት። ዕጣዬ ጥቅምት ላይ ወጥቶልኝ ነበር፤ ዳኛዋን አስፈቅጄ መጨረሻ ላይ ከምትወስደዋ ጋር ተለዋወጥኩ። እሷ ቤት ልትገዛ ቸኩላለች፣ እኔ ደግሞ ገንዘቡ አሁን እጄ ቢገባ እንደማልይዘው አውቃለሁ። ሚያዝያ ላይ ይደርሰኛል። ከዚያ በኋላ ዕቁብ የለም።

አሁን ወደ ልመናዬ።

ለእማ የምልከው ከሜይ ጀምሮ በግማሽ ይቀንሳል። ወንድሜ በሰኔ ይመረቃል፤ የሱ ክፍያ እዚያው ላይ ያበቃል። የእማን መድኃኒት ግን ምንም ቢመጣ አላቋርጥም። ያንን ለይቼ ባንቺ ስም ልላከው፣ አንቺው ገዝተሽ ስጫት። የግፊት ኪኒኗን ታውቂዋለሽ። ብሩ እጇ ከገባ ለጎረቤት ለቅሶ፣ ለዘመድ ሠርግ ታደርገዋለች። ታውቂያታለሽ እኮ፣ እሷ እምቢ ማለት አታውቅም። የጓሮው ቤት ቆርቆሮ፣ የአክስቴ ልጅ ሠርግ፣ እነሱ ይቆዩ።

ሌላው፣ ቁጭ ብለሽ አስረጂልኝ። እኔ በስልክ ስነግራት «ልጄ፣ ዶላሩ ጨምሯል ይላሉ እኮ» ትለኛለች። የብር ምንዛሪ በ2016 ሐምሌ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የምልከው በብር ሲመነዘር ከእጥፍ በላይ ሆኗልና እኔ የከበርኩ መስሏታል። እዚህ ግን ያው 200 ዶላር ያው 200 ዶላር ነው። እዚያም ቢሆን ጤፉና ዘይቱ አብሮ እንደሄደ እሷው ነች የምትነግረኝ። ደግሞ ታሪኩ አይገባትም፤ «ሥራ አለሽ፣ ነርስ ነሽ፣ ዳግም ምን ትማሪያለሽ?» ትላለች። እውነቷን ነው። ጎንደር የተማርኩትን እዚህ እንደገና ተማርኩ። መጀመሪያ አዛውንት ቤት ለቤት ተንከባከብኩ፣ ቀጥዬ ኮሌጅ ገባሁ፣ እንደ አዲስ ፈተና ተቀመጥኩ። ለሷ ይሄ ሦስተኛው ትምህርት ነው። አንቺ ግን ባለሙያዋ ስለሆንሽ ትሰማሻለች። «እኔ የምሠራውን ሥራ ልትሠራ ነው» በያት። ካንቺ አፍ ሲወጣ ክብደት አለው።

ከተቆጣች ደግሞ ተቆጪላት፣ አትከራከሪያት። በሁለተኛው ቀን እሷው ትደውልልኛለች።

እና በመጨረሻ፣ ለራሴ የምፈልገው ነገር። አንቺ ለቀዶ ወሊድ ስፓይናል (በጀርባ የሚወጋውን ሰመመን) መስጠት እንጀራሽ ነው። እኔ መርፌው የት ላይ ሲደርስ «ጠቅ» እንደሚል በመጽሐፍ እንጂ በእጅ አላውቅም። ቅዳሜ በናንተ ሰዓት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ እደውላለሁ፤ እረፍቴ ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ እጠብቅሻለሁ። ስለ እማ ጉዳይ ከልመናዬ የሚከብድሽ ካለ ያኔ ንገሪኝ፤ ሌላ መንገድ እንፈልጋለን።

ለልጆችሽ ስሚልኝ። ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

የድሮዋ ጓደኛሽ